በቴይልስ ፍላሽ ላይ የሚቆለፍ ማከማቻ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ማርቆስ ላይ በሰው ኮምፒውተር የሚሠራ ብዙ ነው። ቴይልስ የሚባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ይመቻል። ከፍላሽ ይነሣል፣ ኢንተርኔት የሚገባው ማንነትን በሚደብቀው መረብ፣ በቶር በኩል ነው፣ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይተውም። ችግሩ፣ የእናንተንም ፋይል አብሮ ይረሳል። ለዚህ ነው ፐርሲስተንት ስቶሬጅ የሚያስፈልገው፤ እዚያው ፍላሽ ላይ በይለፍ ቃል የሚቆለፍ ክፍል ነው።

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያዙ። በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ቴይልስን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱና ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል የመጫኛ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጫኑት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ተጫኑ፤ እንደ ኮምፒውተሩ ይለያያል። ከዚያ ፍላሹን ምረጡ። ቴይልስ ከተከፈተ በኋላ ከአፕስ ማውጫ ፐርሲስተንት ስቶሬጅን ክፈቱ።

አሁን የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቴይልስ 5.13 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር ማከማቻ ሉክስ 2 በሚባል የመቆለፊያ ዘዴ ይመሰጠራል። ጠንካራ ነው፤ ደካማ የይለፍ ቃልን ግን አያድንም። የልጅ ስም፣ የልደት ዘመን፣ ስልክ ቁጥር ይቅርባችሁ። ከአምስት እስከ ሰባት የማይገናኙ ቃላት ይሁኑ። ፕሮግራሙ ራሱ በዘፈቀደ የመረጣቸውን ቃላት ይጠቁማችኋል፤ እኔ እሱን መውሰድ ይሻላል ባይ ነኝ።

የአማርኛ ቃላት ይሁኑልኝ ካላችሁ መዝገበ ቃላት በዘፈቀደ እየገለጣችሁ ምረጡ፤ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። የአማርኛ ኪቦርድ አትጠቀሙ። ቴይልስ ሲነሣ ማከማቻው ገና ስላልተከፈተ በውስጡ ያስቀመጣችሁትን የኪቦርድ ምርጫ ላያውቀው ይችላል፤ እንግሊዝኛውን ሊያመጣ ይችላል። አጻጻፉንም ቁረጡ። አንድ የማውቀው የፍኖተ ሰላም ልጅ «ፀሐይ»ን በቲኤስ ይጻፋት በኤስ ብቻ ጠፋበት። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የጻፈው ቅኔ ሁሉ እዚያው ተቆልፎ ቀረ። የይለፍ ቃሉን የሚመልስ ቢሮ የለም፤ የቴይልስ ሰዎችም አይችሉም። ስለዚህ የቆሎ ተማሪ ቀለሙን እንደሚይዝ በቃላችሁ ያዙት። በቃላችሁ እስክትይዙት ድረስ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በደንብ ደብቁት፣ ስትይዙት አቃጥሉት።

ከተፈጠረ በኋላ የሚቀመጠውን ትመርጣላችሁ። የዋይፋይ ፓስወርድ፣ የተንደርበርድ (የኢሜይል ፕሮግራም) ኢሜይል፣ የፒጂፒ (መልእክት መመስጠሪያ) ቁልፍ የምትፈልጉ ከሆነ አብሯቸው። የማትፈልጉትን ተዉት። ሰነድ ስታስቀምጡ ፐርሲስተንት የሚለው ፎልደር ውስጥ ብቻ ይሁን። ዴስክቶፕ ላይ የተዋችሁት ስትዘጉት ይጠፋል። አንድ የሙከራ ፋይል አስቀምጡ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ቴይልስ ሲነሣ በሚመጣው ስክሪን ላይ የይለፍ ቃሉን አስገብታችሁ ክፈቱ። ፋይሉ ካለ ሠርቷል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፍላሻችሁን ያገኘ ሰው ውስጡን ባያይም የተቆለፈ ክፍል እንዳለው ያውቃል። ደግሞ ኪቦርዱ ላይ የሚጻፈውን የሚሰርቅ መሣሪያ የተገጠመበት ኮምፒውተር ከሆነ ቴይልስ አያድናችሁም። ከኢንተርኔት ቤት የራስ ላፕቶፕ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ባክአፕ። ቴይልስ ውስጥ ባለው የመቅጃ ፕሮግራም፣ በቴይልስ ክሎነር፣ ሁለተኛ ፍላሽ ላይ ማከማቻውን ጨምራችሁ ቅዱ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑን አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ እስኪጨርስም ፍላሹን አትንቀሉ። ሁለቱን ፍላሾች አንድ ቦርሳ ውስጥ አትያዙ። አንዱ ቤት ይቀመጥ።