የዒላማ ጠመንጃ በርሜል ስትመርጡ የሚያስቆጩ ስህተቶች

.223 የተባለውን ጥይት የምትተኩስ ያገለገለች ጠመንጃ በርካሽ ገዛሁ። አረሩ 77 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሆነ ጥይት ይዤ ዒላማ ተኩስ ሄድኩ። 100 ያርድ ላይ ያለውን ወረቀት ሳየው ክብ ቀዳዳ የለም። አረሩ በጎኑ ተጋድሞ ቀዶታል። መነጽሩን ወቀስኩ፣ ነፋሱን ወቀስኩ። ጥፋቱ ግን ከበርሜሉ ነበር፦ ትዊስቱ 1 በ12።

ትዊስት ማለት በበርሜሉ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች አረሩን በስንት ኢንች ጉዞ አንድ ዙር እንደሚያሾሩት የሚነግር ልክ ነው፤ 1 በ12 ማለት በ12 ኢንች አንድ ዙር ነው። እንዝርትን አስቡ። በደንብ ከሾረ ቀጥ ይላል፣ ሲደክም ይንገዳገዳል።

ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብ። ቁጥሩ ሲያንስ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። 1 በ7 ከ1 በ12 ይበልጥ ያሾራል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ክብደትን ብቻ ማየት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሁላችንም «ስንት ግሬን ነው?» እንላለን። ሽክርክሪት የሚጠይቀው ግን በዋናነት የአረሩ ርዝመት ነው። እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ አልፍሬድ ጆርጅ ግሪንሂል በ1879 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር የለም። የአረሩን ርዝመት ለውፍረቱ ታካፍላላችሁ። በተገኘው ቁጥር 150ን ታካፍላላችሁ፤ ለፈጣን ጥይት ደግሞ 180ን። ውጤቱን በውፍረቱ ስታባዙት ትዊስቱ በኢንች ይወጣል።

ባለ 80 ግሬን የ.223 ዒላማ አረር ርዝመቱ የውፍረቱን 4.8 እጥፍ ያህል ነው እንበል። 180 ሲካፈል ለ4.8፣ 37.5 ይሆናል። በውፍረቱ፣ በ0.224 ኢንች፣ ስናባዛው 8.4። ስለዚህ 1 በ8 በርሜል ይፈልጋል፣ 1 በ9 አያስተማምንም። ቀመሩ የተሠራው እርሳስ ለሞላው አረር መሆኑን ግን አትርሱ። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር በእኩል ግሬን ይረዝማል፣ የበለጠ መሾርም ይፈልጋል። የአባቶቻችን ውጅግራ አረሩ ወፍራምና አጭር ስለነበር ዝግ ያለ ሽክርክሪት ይበቃው ነበር።

«ፈጣን ከሆነ ሁሌም ይሻላል» ማለት። በሰከንድ 3,200 ጫማ የሚወጣ አረር ከ1 በ7 በርሜል ሲወጣ በደቂቃ 330,000 ዙር ገደማ ይሾራል። ቀላልና ሽፋኑ ስስ የሆነ አረር ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ሊበተን ይችላል። ከጠረጴዛ ላይ በአጭር ርቀት የሚወዳደሩ ተኳሾች፣ አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ የሚያስገቡት፣ 6 ፒፒሲ የተባለውን ጥይት ለሚተኩሰው ጠመንጃቸው 1 በ14 ወይም 1 በ13.5 ይመርጣሉ። ሰዎቹ ሞኞች አይደሉም።

ከወታደር መኮረጅ። የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ኤም16ኤ2 ትዊስቱ 1 በ7 የሆነው መንገዱን በብርሃን ለሚያሳየው ረጅም ጥይት ሲባል ነው። እናንተ እሱን አትተኩሱም።

በጭንቅ የሚበቃ ትዊስት መምረጥ። ቀዝቃዛ አየር ይወፍራል፣ አረሩንም የበለጠ ያንገዳግዳል። የመጀመሪያዎቹ ኤም16ዎች 1 በ14 ነበሩ። ብርድ ላይ ሲፈተኑ ስላልጸኑ ወደ 1 በ12 ተቀየሩ። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ባለችውና አየሯ ስስ በሆነው የአሜሪካዋ ዴንቨር በሙቀት ወራት አምሮ የተኮሰ ጠመንጃ፣ በብርድ ወራት ባሕር ዳርቻ ወርዶ ሊያሳፍራችሁ ይችላል። አረሩ ሳይንገዳገድ መሄዱን የሚለካው፣ አረር አምራቾች የሚያትሙት የጽናት ቁጥር 1.5 ገደማ ከሆነ ዘና በሉ። ወደ 1 ከቀረበ ግን ተዉት።

የምትተኩሱት .22 ሎንግ ራይፍል የተባለችውን ትንሿን ጥይት ከሆነ ይህ ሁሉ ራስ ምታት አይመለከታችሁም። ከሞላ ጎደል ሁሉም 1 በ16 ነው።

የሻጩን ቃል ማመን። እኔን «1 በ9 ነች» ብለው ነው የሸጡልኝ። መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ። እጀታው ላይ እንደ ልብ የሚዞር የመወልወያ ዘንግ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርጉና ወደ በርሜሉ አስገቡ። ዘንጉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ስትገፉ ምልክቱ ዞሮ ቦታው እስኪመለስ ዘንጉ ስንት ኢንች እንደገባ ለኩ። እሱ ነው ትዊስታችሁ።

ጠመንጃዋን አልሸጥኳትም። አሁን ባለ 52 ግሬን አጎርሳታለሁ፤ ክብ ክብ አድርጋ ትበሳለች።