ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ በደም ምርመራ አስቀድሞ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

መጀመሪያ እንተማመን፦ «ይህች እናት ስትወልድ ብዙ ደም ይፈሳታል» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የደም ምርመራ የለም። ዋናው መንስኤ ማህፀን በደንብ አለመኮማተሩ ነው፤ ይህን ደግሞ ላቦራቶሪ አያየውም። ምርመራው የሚነግራችሁ ደም ቢፈስ ሰውነታችሁ ምን ያህል እንደሚችለው ነው።

በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ሲቢሲ (የደም ሴሎች ሙሉ ቆጠራ)፣ የደም ዓይነትና አር ኤች (ደሙ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን የሚለይ) አሠሩ። ጣት ተወግቶ የሚታየው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ብቻውን አይበቃም፤ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን ሴሎች) አያሳይም።

ቀጥሎ ውጤቱን ማንበብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከቁጥሩ ጎን የታተመው «ኖርማል» አብዛኛውን ጊዜ ላላረገዘች ሴት የወጣ ነው። ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 11.4 ግራም ሆኖ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ብታዩ አትደንግጡ። በእርግዝና የደሙ ፈሳሽ ክፍል ስለሚጨምር ደም ይቀጥናል። ደም ማነስ የሚባለው ከ11 ሲወርድ ነው። ከ7 በታች ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው።

የባሰው ተቃራኒው ነው። ፋይብሪኖጅን የሚባለው ደም የሚያረጋ ፕሮቲን በእርግዝና መጨረሻ በሊትር ከ4 እስከ 6 ግራም አካባቢ ይደርሳል። 2.5 ቢመጣ ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ዝቅተኛ ነው። የቮን ቪለብራንድ (በዘር የሚተላለፍ የመድማት በሽታ) ምርመራም እንዲሁ ነው፤ እርግዝና በዚህ በሽታ የሚጎድለውን ፕሮቲን ከፍ ስለሚያደርገው በሽታው እያለ ውጤቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጥርስ ስትነቀሉ ወይም በወር አበባ ብዙ የምትደሙ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እነዚህ ምርመራዎች ለሁሉም አይታዘዙም፤ የመድማት ታሪክ ለሌላት ጤነኛ እናት በእኔ እይታ ገንዘብ ማባከን ነው።

ፕሌትሌት ከ150 ሺህ ትንሽ ቢወርድ በእርግዝና መጨረሻ የተለመደ ነው። ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ግን ምክንያቱ ይፈለግ።

በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ሲቢሲ ይደገም። ሄሞግሎቢን ከወረደ ፈሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ) አስጨምሩ፤ በሚሊሊትር ከ30 ናኖግራም በታች ከሆነ የብረት ክምችቱ ተሟጧል። «ወደ መጨረሻው አየዋለሁ» አያዋጣም፤ የብረት ኪኒን ደም እስኪሞላ ሳምንታት ይፈጃል። ስትውጡት ሻይና ቡና አይከተለው።

ከዚያ የት እንደምትወልዱ ወስኑ። ደም ማነስ ያለባት ወይም ፕሌትሌቷ የወረደ እናት ደም መስጠት የሚቻልበት ሆስፒታል ትውለድ። ቁጥሩ ያማረላትም ብትሆን ልጁ እንደወጣ ማህፀንን የሚያኮማትረው የኦክሲቶሲን መርፌ አይቅርባት፤ ብዙ ደም ከሚፈሳቸው እናቶች ብዙዎቹ ቀድሞ ምንም ምልክት ያልታየባቸው ናቸው።