ለኤርሶፍት ጠመንጃ ሬድ ዶት ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤርሶፍት በ1970ዎቹ በጃፓን የተጀመረ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን የፕላስቲክ እንክብሎች በሚተኩስ የጠመንጃ አምሳያ የሚካሄድ የሜዳ ጨዋታ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ጥቂቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወተዋለን፤ አዲስ የሚቀላቀለን ሰውም ጠመንጃውን ከገዛ በኋላ ቀድሞ የሚያነሣው የሬድ ዶትን፣ ማለትም በመስታወቱ ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳየውን ማነጣጠሪያ፣ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «ወታደሮች የሚይዙት የትኛውን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚሁ ጥያቄ ነው። 0.20 ግራም የምትመዝን እንክብል በሰከንድ 100 ሜትር ስትወነጨፍ ጉልበቷ 1 ጁል ብቻ ነው፤ የእውነተኛ ኤም 16 ጥይት ግን 1,700 ጁል ገደማ ይዞ ከአፈሙዙ ይወጣል። ለአንዱ የታሰበ ማነጣጠሪያ ለሌላውም ይመቻል ብሎ መገመት አይቻልም።

በቅድሚያ ሬድ ዶትን ከሌዘር ጋር ማምታታት ይቅር። ሬድ ዶት ዒላማው ላይ ምንም ብርሃን አይጥልም። በውስጡ ያለችው ትንሽ ኤልኢዲ ብርሃኗን ከፊት ወዳለው ጎባጣ መስታወት ትልካለች፤ መስታወቱም ቀዩን ብርሃን ወደ ተኳሹ ዓይን ሲመልስ የቀረውን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ነጥቧን የሚያያት ከኋላ ያለው ሰው ብቻ ነው። ኤይምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ1975 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክስ ሬድ ዶትም የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሌዘር ግን ጨረሩን ራሱን ወደ ፊት የሚወረውር፣ የሰው ዓይን ሊጎዳ የሚችል ዕቃ ስለሆነ ብዙ የመጫወቻ ሜዳዎች አያስገቡትም። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ነው፤ ጉልበታቸው ከ0.5 ጁል በላይ በሆነ የኤርሶፍት ጠመንጃዎች ላይ ዒላማን በጨረር የሚያመለክት መሣሪያ መግጠም የተከለከለ ሲሆን ሬድ ዶት ግን ይፈቀዳል።

በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት የፊት ጭምብልን ሳያስቡ ሬድ ዶቱ ጠመንጃው ላይ የሚታሰርበትን መቀመጫ ዝቅ ያለ አድርጎ መግዛት ነው። ገዢው ሱቅ ውስጥ ጠመንጃውን አንሥቶ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያሳርፋል፤ ነጥቧ ወለል ብላ ትታየዋለች፤ ደስ ብሎት ይከፍላል። ሜዳ ላይ ግን አፉንና ጥርሱን የሚሸፍን የሽቦ ወንፊት ጭምብል ያጠልቅና ጉንጩ ሰደፉን መንካት ያቅተዋል። ዓይኑ ከማነጣጠሪያው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀር ነጥቧ ከመስታወቱ ክፈፍ ውጭ ትሆናለች። አንገቱን ሲያጣምም ጭምብሉ ይንሸራተታል፤ ትንፋሹም ሽቅብ ወጥቶ መነጽሩን በጉም ይሸፍነዋል። ኤም 4 በመሰሉ ጠመንጃዎች ላይ የተለመደው ከፍታ፣ ከሬይሉ፣ ማለትም መቀመጫው ከሚታሰርበት የጠመንጃው ሐዲድ፣ ገጽ እስከ መስታወቱ መሃል ሲለካ፣ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ጭምብል ለሚያደርግ ሰው ግን 49 ወይም 57 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላቸው መቀመጫዎች ይሸጣሉ። የክላሽ ሰደፍ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ስለሆነ ዓይን ቀድሞውንም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለኤም 4 የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ክላሽ ላይ ሲሰካ ተኳሹ ሰደፉ ላይ የሚያሳርፈው ጉንጩን ሳይሆን አገጩን ይሆናል። መፍትሔው መነጽርንና ጭምብልን በቦርሳ ይዞ ሱቅ መሄድና እነሱን አድርጎ ማነጣጠር ነው፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ከፍታው የሚያስከፍለው ነገር ቢኖር፣ በ30 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ በ5 ሜትር ርቀት ከነጥቧ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ መምታቱ ነው። ይህም በጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚጫወት ሰው ካልሆነ በቀር የሚያሳስብ አይደለም።

መስታወቱን ያለ ጋሻ ወደ ሜዳ ማውጣትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሬድ ዶቴ ዕድሜው ከሁለት ጨዋታ አላለፈም። ከበርሜል ጀርባ ሆኖ በ15 ሜትር ርቀት የተኮሰብኝ ወዳጄ ትከሻዬን አስቦ መስታወቱን አገኘው፤ «ቷ» የምትል ቀጭን ድምፅ ሰማሁና ዓይኔን ስመልስ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ፣ ቀይዋ ነጥብ በየስንጥቁ ተበትና ጠበቀችኝ። ዋጋው ምንም ያህል ይሁን፣ የማነጣጠሪያ መስታወት ከፊት ለሚመጣ እንክብል ተብሎ አልተሠራም። ከፊቱ የሚቆም የፖሊካርቦኔት ጋሻ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ተመሳሳይ የሚመስለው አክሪሊክ ግን ሲመታ ስለሚሰባበር መታለል አይገባም። ስለዚህ ሬድ ዶቱን ከመምረጥ በፊት ለመጠኑ የሚሆን ጋሻ ገበያ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህ በተለይ ክፍት መስኮት ለሚመስሉት ዓይነቶች አስቸጋሪ ሲሆን፣ ቱቦ ቅርጽ ላላቸው ግን ቀላል ነው።

የነጥቧን መጠን በተመለከተ ብዙዎች ትንሿን ነጥብ የተሻለች አድርገው ያስባሉ። መጠኑ የሚለካው ኤምኦኤ በሚባል የማዕዘን መለኪያ ሲሆን፣ 1 ኤምኦኤ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በዚህ ስሌት 2 ኤምኦኤ የሆነች ነጥብ በ40 ሜትር ላይ የምትሸፍነው 2.3 ሳንቲ ሜትር፣ 4 ኤምኦኤ የሆነችው ደግሞ 4.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ርቀት እንክብሎቹ አንድ የወጥ ሰሃን ውስጥ ከተሰበሰቡ ጠመንጃው ጥሩ ነው የምንል ሰዎች ስለ 2 ሳንቲ ሜትር መጨቃጨቃችን ትርጉም የለውም። በሩጫ መሃል ቶሎ የምትታየው ትልቋ ነጥብ ትሻላለች።

የሬይል ልክም መታየት አለበት፤ ፒካቲኒ የተባለው ሬይል የጎድጓዱ ስፋት 5.23 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዊቨር የተባለው የሌላው ዓይነት ግን 4.57 ነው፤ ለዊቨር የተሠራ ፒካቲኒ ላይ ይገባል፣ የተገላቢጦሹ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በጋዝ የሚሠራ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ሬድ ዶቱ በየተኩሱ ከሚመላለሰው የላይኛው ክፍል ላይ ስለሚቀመጥ ክብደቱ እንቅስቃሴውን ያዘገየዋል፤ እዚያ ቀላሉን መምረጥ ይበጃል።

ስለ ባትሪ የሚጠይቅ ገዢ አላጋጠመኝም። አብዛኞቹ የሚወስዱት ሲአር 2032 የተባለውን ክብ ባትሪ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። ኤይምፖይንት ለአንዱ ትንሽ ሞዴሉ በአንድ ባትሪ 50,000 ሰዓት ይሠራል ይላል፤ ያ ከአምስት ዓመት በላይ ነው። የርካሾቹ ግን ሳይጠፉ ካደሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚደርሱ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት መፈለግ ተገቢ ነው። ከዚያም በላይ ባትሪው የሚገባው ከጎን ወይስ ከሥር መሆኑ ይታይ፤ ከሥር ከሆነ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ማነጣጠሪያው ተፈትቶ ስለሚነሣ የተስተካከለው ሁሉ እንደገና ይስተካከላል። የብርሃኑን ኃይልም ደጅ ወጥቶ፣ ፀሐይ ላይ፣ ወደ ነጭ ግድግዳ አነጣጥሮ መሞከር ይሻላል፤ በሱቅ መብራት የማትታይ ነጥብ የለችም።

ነጥቧ ኮከብ መስላ ወይም ጅራት አውጥታ ከታየች ወዲያው ዕቃውን መመለስም ስህተት ነው። ስልክን ከመስታወቱ ጀርባ ይዞ ፎቶ ማንሣት ይበቃል፤ ፎቶው ላይ ነጥቧ ክብ ሆና ከወጣች ችግሩ አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይን ቅርጽ መዛባት፣ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሬድ ዶት መግዛትም አይፈታውም። እንዲህ ላለው ሰው ምልክቱ መስታወቱ ላይ የተቀረጸበት የፕሪዝም ማነጣጠሪያ ይሻለዋል።

ተገዝቶ ከመጣ በኋላ የሚፈጸም አንድ ስህተት አለ። ሬድ ዶቱን የሚያስተካክሉ ብዙዎች ሆፕ አፑን፣ ማለትም እንክብሏን ወደ ኋላ እያሽከረከረ በረራዋን የሚያቀናውን ክፍል፣ ይረሱታል። መጀመሪያ በሚጫወቱበት ክብደት፣ ለምሳሌ በ0.28 ግራም፣ እንክብሏ ቀጥ ብላ እስክትበር ሆፕ አፑ ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የማነጣጠሪያው ብሎኖች የሚነኩት። ወደ 0.20 የተመለሰ ሰው ሥራውን ሁሉ ከሆፕ አፑ ይጀምራል።