በአረጋውያን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ላይ የታየ ለውጥ እውነተኛ መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል?

አንዲት አረጋዊት ባለፈው ዓመት በማስታወስና በማሰብ ፈተና ከ30 27 አግኝተው ዘንድሮ 24 ቢያገኙ ቤተሰብ ይደነግጣል። ሦስቱ ነጥቦች የጎደሉት ግን ችሎታቸው ስለደከመ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በዚያ ቀን እንቅልፍ ስላጡ። የመለኪያው ሥራ ሁለቱን መለየት ነው።

1. ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ውጤቱን የሚያዛቡ ነገሮችን ያስወግዱ። መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ካለ ይደረግ፤ ድብርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና አዲስ የተጀመረ የእንቅልፍ መድኃኒት ሁሉ ውጤትን ስለሚያወርዱ ሐኪም አስቀድሞ ሊመለከታቸው ይገባል።

2. ፈተናውን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሚኒ ሜንታልም (MMSE) ሆነ በ2005 የወጣው ሞካ (MoCA) ማስታወስንና ማሰብን የሚለኩ አጫጭር ፈተናዎች ሲሆኑ ከ30 ይታረማሉ። ብዙ የተማሩ ሰዎች መጠነኛ ድክመት እያለባቸው እንኳ በሚኒ ሜንታል ወደ ሙሉ ነጥብ ስለሚጠጉ፣ ለእነርሱ ሞካ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቃላቱ የተለዋወጡባቸው አቻ ቅጾች ያሉት መሆኑም ለተደጋጋሚ ልኬት ይጠቅማል። ሆኖም ሁለቱም የተዘጋጁት ለፈጣን ማጣሪያ ስለሆነ፣ ጥቃቅን ለውጥን ለመከታተል ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ታሪክን ወይም የቃላት ዝርዝርን መልሶ የማስታወስ ፈተና ቢታከል መልካም ነው።

3. ሁለተኛውን ልኬት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቋንቋና ሁኔታ ያካሂዱ።

4. ልዩነቱን ያስሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛውን ውጤት ከመጀመሪያው ቀንሶ መፍረድ አይበቃምና። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኒል ጃኮብሰንና ፖላ ትሩአክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ስሌት ሁለት ቁጥሮችን ይጠይቃል፦ ውጤቱ ከሰው ሰው የሚለያይበትን መደበኛ ልዩነትና የፈተናውን አስተማማኝነት፣ ማለትም ፈተናው ሲደገም ውጤቱ ምን ያህል እንደሚጸና ከ0 እስከ 1 የሚገልጸውን ቁጥር። አስተማማኝነቱ መወሰድ ያለበት በእድሜና በትምህርት ተቀራራቢ የሆኑ ጤናማ ሰዎች በተመሳሳይ የጊዜ ርቀት ሁለት ጊዜ ከተፈተኑበት ጥናት ነው፤ በአንድ ሳምንት ልዩነት የተገኘ ቁጥር ለዓመት ክትትል ፈተናውን ከሚገባው በላይ አስተማማኝ ያስመስለዋል።

ለምሳሌ ያህል መደበኛ ልዩነቱ 3፣ አስተማማኝነቱ 0.75 ነው እንበል። ከ1 ላይ 0.75 ሲቀነስ 0.25 ይቀራል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 0.5 ስለሆነ በ3 ሲባዛ የመለኪያው ስህተት 1.5 ይሆናል። የምናወዳድረው ሁለት ውጤቶችን በመሆኑ ይህን በ1.41 (በ2 ስኩዌር ሩት) እናባዛና 2.12 እናገኛለን፤ 2.12 ከመቶው ዘጠናውን ለመሸፈን በሚያገለግለው 1.645 ሲባዛ ደግሞ 3.5 ገደማ ይመጣል። ይህም ማለት ምንም ያልተለወጡ ሰዎች ቢፈተኑ ከመቶው ዘጠናዎቹ ከ3.5 ነጥብ ባልበለጠ ልዩነት ውስጥ ይወድቃሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሦስት ነጥብ መውረድ ገና ማስረጃ አይሆንም።

ነገር ግን ሰው አንድን ፈተና ሲደግም ይለምደዋል። አስተማማኝነቱ በተወሰደበት በዚያው ጥናት ጤናማዎቹ በሁለተኛው ጊዜ በአማካይ አንድ ነጥብ ጨምረው ከሆነ፣ ከ27 የሚጠበቀው 28 ነበር፤ እንግዲያው 24 ማግኘት የአራት ነጥብ ጉድለት ነውና ገደቡን ያልፋል። በተመሳሳይ ምክንያት ውጤቱ ባለበት የቆመ ሰውም ሁልጊዜ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ፈተናዎች በአንድነት ከተሰጡ ግን ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ገደቡን የማለፍ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ የትኛው ውጤት እንደሚታይ አስቀድሞ ይወሰን።

5. ቁጥሩን ከኑሮ ጋር ያገናዝቡ። በስሌት የተረጋገጠ ለውጥ ሁሉ በሕይወት ላይ ለውጥ አያመጣም። ገንዘብ መያዝን፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድንና ስልክ መጠቀምን በተመለከተ አብሯቸው የሚኖር ሰው ይጠየቅ፤ ጥያቄው «ደህና ያስታውሳሉ?» ሳይሆን «ከዓመት በፊት ብቻቸውን ያደርጉት የነበረና አሁን እርዳታ የሚሹበት ምን አለ?» የሚል ይሁን። ሁለቱ ማስረጃዎች ካልተስማሙ ሦስተኛ ልኬት እስኪደረግ ድረስ ፍርድን ማዘግየት ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀስ በቀስ ለሚመጣ ለውጥ ነው። ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ መንስኤው ኢንፌክሽን፣ መድኃኒት ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈተናውን ትቶ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።