በሰፈር የጃፓን ምግብ ቤት እንዴት እንደሚበላ

ሰው በሚበዛባቸው ከተሞች ከአሥር ብዙም የማይበልጥ ሰው የሚያስተናግዱ ትንንሽ የጃፓን ምግብ ቤቶች አሉ። ብዙ ሰው በደጃፋቸው አልፎ የሚሄደው ምን እንደሚያዝ፣ በሁለቱ እንጨቶችም እንዴት እንደሚጎረስ ግራ ስለሚገባው ነው። እንጨቶቹ ቶሎ ይለመዳሉ። ይልቅ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ በእነዚህ ቤቶች እያንዳንዱ ሳህን የራሱ ደቂቃ አለው። ያ ደቂቃ ካለፈ የሚበሉት ያንኑ ምግብ አይደለም።

1. ዝርዝሩ አጭር የሆነ ቤት ይምረጡ። በጃፓን ራመን (በትኩስ መረቅ የሚቀርብ ኑድል፣ ማለትም እንደ ፓስታ ያለ ረዥም የሊጥ ክር) የሚሠራው፣ ሱሺ (ብዙውን ጊዜ ከጥሬ ዓሣ ጋር የሚቀርብ በኮምጣጤ የተቀመመ ሩዝ) የሚሠራውና ሶባ (ሌላ ዓይነት ቀጭን ኑድል) የሚሠራው ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ከአገሩ ውጭ ግን ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር የሚያቀርቡ ይበዛሉ። ቢሆንም በጥቂት ምግብ ላይ ያተኮረውን ያስቀድሙ፤ አብሳዩ ያንኑ በየቀኑ ስለሚሠራ እጁ የተፈታ ይሆናል፣ ዓሣውም ሳይሰነብት ያልቃል።

2. ብቻዎን ከሆኑ ባንኮኒው ጋ ይቀመጡ። ሲገቡ «ኢራሻይማሴ!» የሚል ድምፅ ይቀበልዎታል። እንኳን ደህና መጡ ማለት ነው፤ መልስ አይጠበቅብዎትም፣ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከባንኮኒው ሆነው የአብሳዩን እጅ ያያሉ፣ ምግቡም ከእሳት እንደወረደ ይደርስዎታል። የሚሰጥዎት እርጥብ ፎጣ ለእጅ ነው፤ ፊት ወይም ጠረጴዛ አይጠረግበትም።

3. ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቴይሾኩ ይዘዙ። ሩዝ፣ የሚሶ (ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ልቁጥ) ሾርባ፣ እንደ ተጠበሰ ዓሣ ያለ አንድ ዋና ምግብና በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት አብሮ የሚቀርብበት ሙሉ ገበታ ነው። የማይበሉት ነገር ካለ ግን ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ ይህን የማሳስበው ያለምክንያት አይደለም። የብዙው ሾርባና ሶስ መሠረት ዳሺ የሚባል ፈሳሽ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኮምቡ ከሚባል የባሕር ተክልና ከደረቀ ዓሣ ነው። በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ «ኡማሚ» ብሎ የሰየመውን ጣዕም ያገኘው ከዚሁ ከኮምቡ ነበር። ስለዚህ አትክልት ብቻ የሚመስል ሳህን ውስጥ ዓሣ ሊኖር ይችላል። የራመን መረቅ ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት ይወጣል፤ በተለመደው የአኩሪ አተር ሶስ ውስጥም ስንዴ አለ።

4. እንደቀረበልዎ ይብሉ። ራመን ከሁሉ ይቸኩላል። ኑድሉ በትኩሱ መረቅ ውስጥ በቆየ ቁጥር እየላላ ስለሚሄድ ጨዋታውም ፎቶግራፉም ይቆይ። ኑድሉን ድምፅ እያሰሙ መሳብ በጃፓን ነውር አይደለም፤ አብሮት የሚገባው አየር ትኩሳቱን ያበርዳል፣ መዓዛውንም ያወጣዋል።

ቴምፑራ፣ ማለትም በስስ ሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰ የባሕር ምግብ ወይም አትክልት፣ ሲነከስ ኩርሽም የሚለው ትኩስ ሳለ ብቻ ነው። ሊጡ ውስጥ ነክሮ የመጥበሱን ዘዴ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጃፓን ያስገቡት ፖርቱጋሎች እንደሆኑ ይነገራል። ሶሱ ውስጥ ጥቂት ነካ አድርገው ወዲያው ይጉረሱ፤ ዘፍዝፎ ማቆየት የአብሳዩን ልፋት ከንቱ ማድረግ ነው።

ሱሺን በእጅ መብላት ይቻላል፣ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ወደ ሶሱ የሚነካው ዓሣው እንጂ ሩዙ አይደለም፤ ሩዝ ሶሱን ይመጥና ይፈራርሳል። በብዙ ቤት አብሳዩ ራሱ በዓሣውና በሩዙ መካከል ዋሳቢ የሚባለውን የሚያቃጥል አረንጓዴ ማጣፈጫ ስለሚያደርግ ሳይቀምሱ አይጨምሩ። አብሮ የሚቀርበው ዝንጅብል ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲያልፉ አፍ ማጥሪያ ነው። በባሕር አረም የተጠቀለለ ሱሺ በእጅዎ ከተሰጠዎት ሌላውን ትተው እሱን ያስቀድሙ፤ አረሙ ከሩዙ እርጥበት ሲስብ ይልፈሰፈሳል።

የሚሶ ሾርባ ማንኪያ አያስፈልገውም። ሳህኑን በእጅ አንስተው ፉት ይበሉ፣ ውስጡ ያለውን በእንጨቶቹ ይልቀሙ።

5. በእንጨቶቹ ሁለት ነገር አያድርጉ። ሩዝ ላይ አይትከሏቸው፤ በጃፓን እንዲያ የሚደረገው ለሞተ ሰው በሚቀርብ ሩዝ ላይ ነው። ከእንጨት ወደ እንጨትም ምግብ አይቀባበሉ፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚለቅመው በእንጨት እየተቀባበለ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ስሕተት ሁሉ ቀላል ነው። ካልሆነልዎት ሹካ ይጠይቁ፤ ከእንጨት ጋር ሲታገሉ ምግቡ ከሚቀዘቅዝ ያ ይሻላል።

6. በር ላይ ሰው ከቆመ ወንበሩን ይልቀቁ። በጃፓን ለአስተናጋጅ የገንዘብ ጉርሻ (ቲፕ) መስጠት የተለመደ አይደለም፤ በሌላ አገር ግን የአገሩን ልማድ ይከተሉ። ከፍለው ሲወጡ ወደ አብሳዩ ዞር ብለው «ጎቺሶሳማ ዴሽታ» ይበሉ፤ ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ ማለት ነው።