ለሪሰርች የሚታመን ምንጭ እንዴት ነው ሚፈለገው

ሪሰርች ስሩ ስንባል አብዛኞቻችን ምናደርገው አንድ ነው፣ ርእሱን እንዳለ ጎግል ላይ እንጽፍና ከላይ የመጡትን ሶስት አራት ሊንኮች ከፍተን ከነሱ ቆራርጠን እንለጥፋለን። ግን ጎግል ከላይ ያስቀመጠው ነገር ሁሉ እውነት ስለሆነ አይደለም እዛ የወጣው፣ ከጻፋችሁት ጋር ይገጥማል ብሎ ስለገመተ ነው፣ አንዳንዱ እንደውም ተከፍሎበት የወጣ ማስታወቂያ ነው። ስለዚ ዌብሳይቱ ያምራል ወይ ሳይሆን ይሄን ነገር መጀመሪያ ያለው ማነው፣ በምን አወቀ፣ ማንስ አይቶለታል ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ሁሉ ከዚ ነው ሚመጣው።

ከፍለጋው በፊት ርእሱን አጥብቡት። "ሶሻል ሚዲያና ተማሪዎች" ብትሉ መአት ነገር ይመጣል፣ አንዱም አይጠቅማችሁም። "ማታ ስልክ መጠቀም የታዳጊዎችን እንቅልፍ ምን ያረገዋል" ብላችሁ ወደ ጥያቄ ቀይሩትና ዋና ዋና ቃላቶቹን ብቻ አውጡ። አብዛኛው ጥናት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቶቹን በእንግሊዝኛም ያዙ። አንድ ጥሩ ፔፐር (የጥናት ጽሁፍ) ካገኛችሁ ደሞ ብዙ ጊዜ አብስትራክቱ፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ ስር ኪወርድስ ተብለው የተዘረዘሩ ቃላት አሉ፣ የመስኩ ሰዎች ራሳቸው ሚጠቀሙባቸው ናቸው፣ በነሱ እንደገና ስትፈልጉ ሚመጣው ነገር ሌላ ነው።

ዊኪፒዲያን አትንኩ ሚሉ አስተማሪዎች አሉ። እኔ አንብቡት ነው ምለው፣ ግን ሪፈረንስ ላይ አታስገቡት። ስለርእሱ ጠቅላላ ሀሳብ ትይዙበታላችሁ፣ ከዛ ዋናው ጥቅሙ ከገጹ ግርጌ ያለው የምንጭ ዝርዝር ነው፣ ወደዛ ወርዳችሁ መጽሐፉን ወይ ጥናቱን ራሱን ክፈቱ።

ቀጥሎ ጎግል ስኮላር ግቡ፣ በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ ያለ የጥናት ጽሁፎችን ሚፈልግ ነጻ የጎግል ገጽ ነው። አብረው መምጣት ያለባቸውን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉ፣ በግራ በኩል ደሞ አመተ ምህረት መገደብ ይቻላል። ብዙ ሰው ማያየው ከእያንዳንዱ ውጤት ስር ያሉትን ትንንሽ ሊንኮች ነው፣ አንደኛው ይሄን ፔፐር እነማን እንደጠቀሱት ያሳያል፣ ማለትም ከአንድ የቆየ ጥናት ተነስታችሁ ከሱ በኋላ የደገፉትንም የተቃወሙትንም ታገኛላችሁ፣ ሌላኛው ሁሉንም ቅጂዎች ያመጣል፣ አንዱ ጋ ክፍያ የተጠየቀበት ፒዲኤፍ ሌላው ጋ በነጻ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ግን ስኮላር ላይ ስለወጣ ብቻ አትመኑት፣ ማንም ያልገመገመው ወረቀትም ገንዘብ ተቀብሎ ያገኘውን ሚያትም ጆርናልም (የጥናት መጽሔት) እዛ አለ። ሌሎች መፈለጊያ ድረገጾችም አሉ፣ ለጤና ፐብሜድ (PubMed)፣ ለትምህርት ኤሪክ (ERIC)፣ በነጻ ሚነበቡ ጆርናሎችን ለማግኘት ደሞ ዲኦኤጄ (DOAJ) አለ። አርካይቭ (arXiv) ሚባለው ድረገጽ ላይ ለፊዚክስ ለሂሳብና ለኮምፒውተር ብዙ ነገር አለ፣ ግን እዛ ሚጫነው ብዙው በሌሎች ባለሙያዎች ከመገምገሙ በፊት ነው፣ ከተጠቀማችሁበት ይሄን ግለጹ።

ፔፐሩን ስትከፍቱ አብስትራክቱን አንብባችሁ ወደ መደምደሚያ አትዝለሉ። ሜቶድ ሚለውን፣ ጥናቱ እንዴት እንደተሰራ ሚናገረውን ክፍል እዩ፣ ስንት ሰው ነው ያጠኑት፣ እነማን ናቸው፣ ገንዘቡን ማን ሰጠ። ገንዘብ ከኩባንያ ስለመጣ ብቻ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ግን ውጤቱ የከፈለውን ሚጠቅም ከሆነ ገለልተኛ ሰው የሰራውንም ፈልጉ። ትልቅ ጆርናል ስለሆነም አትዘናጉ። በፈረንጆቹ 1998 ላንሴት ሚባለው ታዋቂ የህክምና ጆርናል ላይ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ሚያያይዝ ጽሁፍ ወጥቶ ነበር፣ 12 ህጻናት ላይ ብቻ የተመሰረተ፣ ጆርናሉ ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው፣ እስካሁን ግን ሰው ይጠቅሰዋል። እና አንድ ጥናት ከመጥቀሳችሁ በፊት የአሳታሚው ገጽ ላይ ገብታችሁ ተሰርዟል ሚል ምልክት አለመኖሩን እዩ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ደሞ አስር ዌብሳይት አንድ አይነት ነገር ስለጻፈ አስር ምንጭ አገኘሁ እንዳትሉ። ወደኋላ ስትከተሉት ሁሉም ከአንድ ጋዜጣዊ መግለጫ የገለበጡት ሊሆን ይችላል፣ ያ አንድ ምንጭ ነው።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ፣ ርእስ ለማጥበብና ቃላት ለማግኘት ይረዳል፣ ሪፈረንስ አምጣልኝ ካላችሁት ግን የሌለ ፔፐር ከነጸሀፊው ስምና አመተ ምህረቱ አሳምሮ ሊፈጥርላችሁ ይችላል። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እሱ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው 5000 ዶላር ተቀጥተዋል። ማጣሪያው ቀላል ነው፣ አብዛኛው የአሁን ጊዜ ፔፐር በ10 ሚጀምር ዲኦአይ (DOI) ሚባል መለያ ቁጥር አለው፣ ዲኦአይ ዶት ኦርግ (doi.org) ላይ አስገቡት፣ የተባለውን ፔፐር ካልከፈተ ወይ ሌላ ነገር ካመጣ ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ ፈልጉት፣ እንደዛም ከጠፋ በቃ አትጠቀሙበት።

ክፈሉ ካላችሁ መጀመሪያ ላይብረሪያችሁን ጠይቁ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የከፈለባቸው ጆርናሎች አሉ ተማሪው ግን አያውቅም። አንፔይዎል (Unpaywall) ሚባል ብራውዘር ላይ ሚጨመር ነጻ ኤክስቴንሽንም አለ፣ ህጋዊ የሆነ ነጻ ቅጂ ካለ ያገኝላችኋል። ካልሆነ ለአጥኚው በትህትና አጭር ኢሜይል ጻፉ፣ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ፔፐሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፣ ስራዬ ተነበበልኝ ብሎ ደስ ብሎት ሚልክ ብዙ ነው።

ያገኛችሁትን እዛው መዝግቡ፣ ጸሀፊ፣ አመት፣ ዲኦአይ፣ በተለይ የገጽ ቁጥር። ዞቴሮ (Zotero) ሚባል ምንጮችን ሚመዘግብ ፕሮግራም አለ፣ ነጻ ነው፣ ብራውዘር ላይ አንዴ ተጭናችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሪፈረንሱን ራሱ ይደረድረዋል፣ ስም ወይ አመት አዛብቶ ሚይዝበት ጊዜ ስላለ ግን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ በአንድ እዩት።