ገለልተኛ መራጮች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ ዜግነት የማልኩ ቀን ከአዳራሹ መውጫ ላይ የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ ነበር። ፎርሙን እዚያው ቆሜ ሞላሁት። «ፓርቲ» የሚለው ጋ ስደርስ አላመነታሁም፤ «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ያደግኩት የፓርቲ አባልነት እንጀራም እስርም በሚያመጣበት አገር ነው። ማንም የእኔ ነህ እንዲለኝ አልፈለግኩም።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ያው ብስጭት ነው። የማላውቃቸው ሰዎች «ዛሬ ሌሊት ካልረዱን አለቀልን» እያሉ በስልኬ ገንዘብ ይለምኑኛል። ቴሌቪዥኑ አንዱ ሌላውን ሲሰድብ ያመሻል። የቤት ኪራይ፣ የሕክምና ዋጋ፣ የልጆች ትምህርት የሚያነሳ ሲጠፋ አንጀቴ ያርራል። ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ጋሉፕ በሚያደርገው መጠይቅ ከ100 አሜሪካውያን ከ40 በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ገለልተኛ ይላሉ። ከዲሞክራቱም ከሪፐብሊካኑም ቁጥራችን ይበልጣል። እንደዚያም ሆኖ ከሁለት ያጣን ጎመን ነን።

ሥርዓቱ የሚያስቆጣ ነገር ሞልቶታል። ግን እኔም ጓደኞቼም ዓመት ከዓመት ስንደጋግማቸው ያየኋቸው ስህተቶች አሉ። ብዙዎቹ ነፃነት ይመስሉናል፤ ሲታዩ ግን ኩርፊያ ናቸው። የአኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል ይባል የለ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕራይመሪው አይመለከተኝም ብሎ መቅረት

ፕራይመሪ ማለት ፓርቲዎች ለኖቬምበሩ ምርጫ እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እኔንም ብዙ ያስከፈለኝ እሱ ነው።

ጁን 2018፣ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ካውንቲ ነው። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። የትምህርት ቤት ጂም ነበር፤ ወለሉ ላይ የቅርጫት ኳስ መስመር ተሰምሯል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ስሜን ፈልገው አገኙና ወረቀት ሰጡኝ። አገላበጥኩት። የትምህርት ቦርድ እጩዎች ብቻ ናቸው ያሉበት። «ሌላውስ?» አልኳቸው። «ፓርቲ ስለሌለዎት ለእርስዎ ያለው ይኸው ብቻ ነው» አሉኝ። ቃላቸው ትሕትና ነበረው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

የዚያን ዕለት ዲሞክራቶች ለካውንቲው አስተዳዳሪነት ይፎካከሩ ነበር። ማርክ ኤልሪክ ዴቪድ ብሌርን በ77 ድምፅ አሸነፈ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ካውንቲ፣ በ77 ድምፅ! በ2022 እነዚሁ ሁለት ሰዎች እንደገና ተፋጠጡ። ድምፁ በድጋሚ ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ሆነ። ሦስት የሠርግ ጠረጴዛ የሚሞላ ሰው ማለት ነው። ካውንቲው የዲሞክራቶች ስለሆነ የኖቬምበሩ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የትምህርት ቤቱን በጀት፣ የቤታችንን ግብር፣ የአውቶቡሱን ነገር የሚያቀርበውን ሰው የመረጠው ፕራይመሪው ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ፓርቲ የለንም ያልነው ውጭ ቆመን ነበር።

ደንቡ በየግዛቱ ይለያያል፤ ስለዚህ የራስዎን ይወቁ። ሜሪላንድ ዝግ ነው። በፓርቲው ፕራይመሪ የሚመርጠው በፓርቲው ስም የተመዘገበ ብቻ ነው። ፓርቲ ለመቀየር የሚፈቀደውም ለፕራይመሪው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው፤ በዕለቱ ደርሶ ልቀይር ማለት አይሠራም። ድልድዩን ተሻግረው ቨርጂኒያ ከገቡ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሲመዘገቡ ፓርቲ የሚጠይቅዎት የለም። በፕራይመሪው ዕለት ከሁለቱ የአንዱን ወረቀት ጠይቀው ይመርጣሉ። ኮሎራዶ ደግሞ ለገለልተኛ መራጭ የሁለቱንም ፓርቲ ወረቀት በፖስታ ይልካል። መመለስ ያለብዎት ግን አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም ከመለሱ ሁለቱም ይሰረዛሉ።

እኔ አሁን በአካባቢዬ ነገሩን የሚወስነው የየትኛው ፓርቲ ፕራይመሪ እንደሆነ አይቼ በዚያ ፓርቲ እመዘገባለሁ። መዋጮ የለውም፤ መሐላም የለውም። ኖቬምበር ላይ የፈለግኩትን እመርጣለሁ። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ «ታዲያ ገለልተኝነትህ የታል?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ስሜቱ ይገባኛል። ያ ፎርም ላይ የሞላሁት መልስ ለእኔም ክብሬ ነበር። ግን 32 ድምፅ ሊያስቀይረው የሚችለውን ነገር ከውጭ ቆሜ ማየት በቃኝ።

«ኢንዲፔንደንት» የሚል ቃል ያዩበት ቦታ ሁሉ ምልክት ማድረግ

ካሊፎርኒያ ውስጥ «አሜሪካን ኢንዲፔንደንት ፓርቲ» የሚባል ፓርቲ አለ። ስሙን ያየ ሰው ገለልተኛ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። በ1968 ዘርን የሚለይ ሕግ ጠበቃ የነበረው የአላባማው ጆርጅ ዋላስ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረበት ፓርቲ ነው። በ2016 ሎስ አንጀለስ ታይምስ በዚህ ፓርቲ የተመዘገቡ ሰዎችን ሲጠይቅ አብዛኞቹ የፓርቲ አባል መሆናቸውን እንኳን አያውቁም ነበር። ካሊፎርኒያ ከሆኑ የሚፈልጉት «ኖ ፓርቲ ፕሪፈረንስ» የሚለውን ነው። ሜሪላንድ ደግሞ «አንአፊሊየትድ» ይባላል።

ምዝገባን ካነሳሁ አይቀር ግሪን ካርድ ለያዛችሁ አንድ ነገር ልበል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ስለ መራጭነት ምዝገባ ከተጠየቃችሁ «አይ» በሉ። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ከዚህ በፊት ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። በስህተት የተደረገች ምልክት የስንት ዓመት ልፋት ልታበላሽ ትችላለች።

ለፕሬዚዳንት ብቻ መምጣት፣ የቀረውን ባዶ መተው

ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት 538 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፆች ናቸው። 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በሁሉም ግዛቶች በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ሁሉንም ይወስዳል። ሜሪላንድ ለመጨረሻ ጊዜ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት የመረጠችው በ1988 ነው። እዚህ ተቀምጬ የማደርጋት ምልክት ዋይት ሐውስ የሚገባውን ሰው እንደማትቀይር አውቃለሁ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጣ ተሸንፋለች። ይህን አይቶ የማይናደድ ሰው ካለ እሱ ይገርመኛል።

ስህተቱ የሚመጣው ከንዴቱ በኋላ ነው። «ድምፄ ዋጋ የለውም» ብለን ቤት እንቀራለን። ወይም ከላይ ያለውን አንድ ስም አጥቁረን፣ ወረቀቱን ሳንገለብጥ እንወጣለን።

ኒውፖርት ኒውስ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2017 የግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ በ94ኛው ዲስትሪክት ዲሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስና ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ተወዳደሩ። ድምፁ በድጋሚ ሲቆጠር ሲመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ግን አንዲት ወረቀት ሦስት ዳኞች ፊት ቀረበች። መራጩ የሁለቱንም እጩዎች ክብ አጥቁሮ፣ የሲመንድስ ላይ አንዲት ጭረት አሳርፏል። ሐሳቡን ቀይሮ ይሁን፣ እጁ ስቶ ይሁን እሱ ያውቃል። ዳኞቹ ድምፁ የያንሲ ነው አሉ። 11,608 ለ11,608 ሆነ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ውስጥ የሁለቱ ስም በየፊልም ማስቀመጫ ቆርቆሮ ተከቶ ከአንድ ሳህን ውስጥ ዕጣ ወጣ። የወጣው የያንሲ ስም ነው። በዚህም ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ።

የግዛት ምክር ቤት ማለት የሜዲኬይድን (ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚያገኘውን የሕክምና መድን)፣ የትምህርት ቤትን፣ የመንጃ ፈቃድን ሕግ የሚያወጣው ነው። በቨርጂኒያ እሱን የያዘውን ፓርቲ የለየው የአንድ ሰው እስክሪብቶና ዕጣ ሆነ። ስለዚህ ወረቀቱን ይገልብጡት። ከተሳሳቱ ደግሞ አይሰርዙ፣ አይጫጭሩ። «ተበላሽቶብኛል» ብለው አዲስ ወረቀት ይጠይቁ፤ ይሰጥዎታል።

ንዴትን በማይመለከተው በር ላይ ማራገፍ

ይህን ስጽፍ አንዳንድ ሰው እንደሚከፋው አውቃለሁ። ግን እኛው ስለ እኛው ካልተነጋገርን ማን ያነሳዋል?

በ2021 ጦርነቱ አገር ቤት በተፋፋመ ጊዜ በዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች ባይደን ላይ በነበረን ቅሬታ ተከፋፍለን ነበር። ኖቬምበር 2 ቨርጂኒያ ገዢዋን መረጠች። ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ሕግ፣ እንደምትታገድ ያስታወቁትም በዚያው ዕለት ነው። በርካታ ሐበሾች ቅሬታቸውን ለመግለጽ ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ድምፅ ሰጡ፣ ቅስቀሳም አደረጉ። ያንግኪንም አሸነፈ። የኢትዮጵያ አጎዋ ግን በጃንዋሪ 2022 ቆመ። የቨርጂኒያ ገዢ በአጎዋ ላይ ሥልጣን የለውም፤ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲም አያወጣም። ያንግኪንን በፖሊሲው ወዶ የመረጠ ሰው ልክ ነው፤ ምንም አልለውም። ለአዲስ አበባ መልስ ይሆናል ብሎ የመረጠ ግን የአራት ዓመት የልጁን ትምህርት ቤት ጉዳይ በማይገናኝ ነገር ወሰነ።

ከዚያ በፊት ደግሞ በትክክል የሠራነው ነገር አለ። በ2018 ኤችአር 128 የሚባለው ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበ ውሳኔ ሐሳብ በተወካዮች ምክር ቤት ተንጠልጥሎ ቆይቶ ነበር። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ያለው ሐበሻ ብዙ ነው። የአካባቢው ተወካይ ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ሲሆን ወንበሩ ሁለቱም ፓርቲዎች የሚራኮቱበት ነበር። የእኛ ሰዎች ለሱ የሚነግሩት ጠፍቷቸው አያውቅም። ኮፍማን ጉዳዩን የራሱ አድርጎ ገፋበት፤ ኤፕሪል 10 ውሳኔው ጸደቀ። በውሳኔው ይዘት ላይ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል። መንገዱ ግን ትክክል ነበር። ጉዳዩ የሚወሰንበትን ቤት ለዩ፤ የኛን ድምፅ አጥብቆ የሚፈልገውን ሰው አገኙ፤ አንድ የተወሰነ ነገር ጠየቁ።

የአንዱን ወገን ጥፋት ብቻ ማየት

ገለልተኛ ነኝ ከሚለው ሰው ብዙው ልቡ ወዳንዱ ያዘነብላል። እኔም አዘነብላለሁ። ይህ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው የራስን ወገን ጥፋት አይቶ ማለፍ ሲመጣ ነው።

የምርጫ ዲስትሪክት መስመርን ለራስ በሚያመች መንገድ መቁረጥን ይውሰዱ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ይህን ያደረጉት ሪፐብሊካኖች ናቸው። እኛው ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ዲሞክራቶች። ሁለቱ ክሶች አንድ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱ በጁን 2019 ይህ የፌዴራል ዳኞች ሥራ አይደለም ብሎ መለሳቸው። ሪፐብሊካኖች የቆረጡትን የቴክሳስ ካርታ እያነሳ የሚጮህ ሰው የሜሪላንዱን ሲያልፈው አልወድም። የሜሪላንዱን የሚያነሳም ስለ ቴክሳስ ዝም ሲል እንደዚያው።

ሦስተኛ ሰው መጥቶ እስኪያድነን መጠበቅ

ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሮስ ፔሮ በ1992 ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኘ። ከ538ቱ ግን አንድም አልደረሰውም። በ2000 በቡሽና በጎር ፉክክር ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ተወሰነች፤ የግሪን ፓርቲው እጩ ራልፍ ኔደር በዚያው ግዛት ከ97 ሺህ በላይ ነበረው። ለኔደር ድምፅ የሰጠውን ሰው አልወቅስም፤ ያመነበትን መርጧል። የሚያሳዝነኝ ሕጉ ሳይነካ እጩ ብቻ እየቀያየርን ተአምር መጠበቃችን ነው።

ሕጉን መንካት ይቻላል። አላስካ በ2020 በሕዝብ ድምፅ ፕራይመሪውን ለሁሉም ክፍት አደረገች። በኖቬምበር ደግሞ መራጩ እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በደረጃ ያስቀምጣል። የመጀመሪያ ምርጫህ ከወደቀ ድምፅህ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ አይባክንም። በ2024 ይህን ለመሻር ሞክረው ከአንድ ሺህ ባነሰ ድምፅ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኔቫዳ፣ ኮሎራዶና አይዳሆ ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቦላቸው አልተቀበሉትም። ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ግን ተቀበለች። በኖቬምበር 2024 ነዋሪው ኢኒሼቲቭ 83ን በሰፊ ልዩነት አጸደቀ። ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው በደረጃ መምረጥ ነው። ሁለተኛው ፓርቲ የሌለው ሰው በፕራይመሪ እንዲመርጥ መፍቀድ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2025 ለመጀመሪያው በጀት መደበ። ለሁለተኛው፣ ለእኛ ለገለልተኞች ለሚሆነው፣ አልመደበም።

ዲሲ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ የዋርዳችሁ የምክር ቤት አባል ቢሮ ስልክ አለው። ደውሉና ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ክፍል ጠይቁ። በጀት የሚገባው መቼ እንደሆነ፣ እሳቸው ይደግፉት እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ። ስማችሁንና አድራሻችሁን አስመዝግቡ። ፓርቲ የሌላችሁ መራጭ መሆናችሁንም ንገሯቸው።